ዝነኛ የቪዲዮ ጨዋታዎች ወደ ፊልም ሲቀየሩ ለምን ቅር ያሰኛሉ?

ሲኒማ ከተወለደበት ጊዜ ጀምሮ ታሪክ ከሌሎች የጥበብ ዘርፎች ሲዋስ ኖሯል። ልቦለዶች፣ ተውኔቶች፣ የቅዱሳት መጻሕፍት ታሪኮችና የሕፃናት የሥዕል መጻሕፍት ወደ ፊልም ተቀይረው በርካታ ተወዳጅ ሥራዎች ተገኝተዋል። ከሦስት አስርት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ከዚሁ ዝርዝር ውስጥ የቪዲዮ ጨዋታ ተጨምሯል። ይሁንና በመቶ ሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች በፍቅር የሚጫወቷቸው ጨዋታዎች ወደ ሲኒማ ሲመጡ ውጤታቸው ለረጅም ጊዜ ከሚጠበቀው በታች ሆኖ ቆይቷል።

ጉዳዩ የመዝናኛ ወሬ ብቻ አይደለም። በየፊልሙ በአስርና በመቶ ሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ይፈስሳል፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ባለሙያዎች ለዓመታት ይደክማሉ። ውጥኑ ሲከሽፍ ስቱዲዮ የተዘጋበትና ሠራተኞች የተበተኑበት፣ የመንግሥት የግብር ማበረታቻም ካሰበው ግብ ውጪ የዋለበት አጋጣሚ አለ። በመሆኑም የችግሩን ምክንያት መመርመር የፈጠራ ኢንዱስትሪን ለሚመሩና ለሚደግፉ አካላትም ትምህርት ይሰጣል።

ባለፉት 30 ዓመታት የተሠሩት ፊልሞች ጎን ለጎን ሲታዩ የብዙዎቹ ድክመት ከአንድ ሥር የሚነሳ ሆኖ ይገኛል። ይኸውም የጨዋታው ስም፣ የገጸ ባህሪያቱ ልብስና መሣሪያ ወደ ፊልሙ ሲተላለፍ፣ ጨዋታውን ተወዳጅ ያደረገው ነገር ግን ሳይተላለፍ መቅረቱ ነው። በዚህ ጽሁፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ሙከራ

በሆሊውድ ከቪዲዮ ጨዋታ ተወስዶ በእውነተኛ ተዋንያን የተሠራው የመጀመሪያው ትልቅ ፊልም በ1993 ለዕይታ የበቃው "ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ" ነው። የጃፓኑ ኒንቴንዶ ኩባንያ በ1985 ያወጣው ጨዋታ ይዘቱ ቀላል ነበር። ማሪዮ የተባለ ጢማም የቧንቧ ሠራተኛ ጉድጓድ እየዘለለ፣ ኤሊ መሰል ጠላቶችን እየረገጠ፣ እንጉዳይ እየበላ እየፈረጠመ የተጠለፈችን ልዕልት ለማስለቀቅ ይሮጣል። በጨዋታው ውስጥ ከዚህ የዘለለ ታሪክ የለም፤ የተጫዋቹን ልብ የሚይዘው የዝላዩ ልክና የሩጫው ስሜት ነው።

የፊልሙ አዘጋጆች ይህን ሁለት ሰዓት ሊሸፍን ወደሚችል ታሪክ ለመለወጥ ሲነሱ ከዳይኖሰር ዘር የመጡ ሰዎች የሚኖሩባትን ጨለማ የወረሳት ከተማ ፈጠሩ። ፊልሙ የሚጽናና አንድ ሐሳብም አላገኘም። ጽሁፉ ቀረጻው ሊጀመር ጥቂት ሲቀረውና ከተጀመረም በኋላ በተደጋጋሚ ተለዋውጧል። ከ40 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበት በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ያስገኘው ገቢ 21 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ብቻ ነበር። ማሪዮን ሆነው የተወኑት እንግሊዛዊው ቦብ ሆስኪንስ በ2007 ለአገራቸው ጋዜጣ በሰጡት ቃለ ምልልስ በሙያ ዘመናቸው ከሠሯቸው ሥራዎች ሁሉ የከፋው ይኸው ፊልም መሆኑን ገልጸዋል። ማሪዮም ዳግም በሆሊውድ ፊልም ወደ ሲኒማ ቤት ለመመለስ 30 ዓመት ፈጅቶበታል።

የተጫዋችና የተመልካች ልዩነት

የችግሩ የመጀመሪያ ምንጭ ከሁለቱ ዘርፎች ተፈጥሮ ይመነጫል። ልዩነቱን ለመረዳት ገበጣን ማሰብ ይበቃል። ገበጣ የሚጫወት ሰው ጠጠሩን ከአንዱ ጉድጓድ አንስቶ ወደሌላው ሲዘራ እያንዳንዱ ውሳኔ የራሱ ነው፤ ቢሳሳት የሚበላው የእርሱ ጠጠር ነው። አጠገቡ ቆሞ የሚመለከት ሰው ያንኑ ጉድጓድና ያንኑ ጠጠር ቢያይም የተጫዋቹን ጭንቀትና ደስታ እኩል አይካፈልም። የገበጣ ጨዋታን አንድ በአንድ ቀርጾ ለታዳሚ ማሳየት ይቻላል፤ የተቀረጸው ግን መጫወቱ ሳይሆን የሌላ ሰው እጅ እንቅስቃሴ ነው።

የቪዲዮ ጨዋታም እንደዚሁ ነው። ተጫዋቹ አንድን ገደል ለመዝለል አሥር ጊዜ ወድቆ በአሥራ አንደኛው ሲሻገር የሚሰማው ኩራት ከገደሉ ውበት የመጣ አይደለም፤ ራሱ ደክሞ ስላሸነፈው ነው። በፊልም ውስጥ ግን ጀግናው ገደሉን አንዴ ዘልሎ ያልፋል፤ ተመልካቹም ከዚህ በፊት በሌሎች ፊልሞች ያያቸውን መቶ ዝላዮች ያስታውሳል። ተጫዋቹ ለገጸ ባህሪው ያለው ፍቅርም በአብዛኛው አብሮ ከመድከም የሚመጣ በመሆኑ፣ ያ ድካም ሲቀር ገጸ ባህሪው ባዶ ልብስ ሆኖ ይታያል።

ይህን ልዩነት በቀረጻ ስልት ለመሸፈን የተደረገ ሙከራ በ2005 በወጣው "ዱም" ፊልም ላይ ይታያል። ዋናው ጨዋታ በ1993 የወጣ ሲሆን ተጫዋቹ ሁሉንም ነገር በተዋጊው ዓይን እያየ፣ ከፊቱ የጦር መሣሪያውን አፈሙዝ ብቻ እየተመለከተ የሚጫወተው ነው። የፊልሙ አዘጋጆች ይህንኑ ለመምሰል ለአምስት ደቂቃ ያህል ካሜራውን በተዋጊው ዓይን ቦታ አድርገው ቀርጸዋል። ትዕይንቱ በጥንቃቄ የተሠራ ነበር፤ ይሁንና ተመልካቹ ወዴት እንደሚዞርም ሆነ መቼ እንደሚተኩስ የመወሰን ሥልጣን ስላልነበረው በሌላ ሰው ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ ከማየት የተለየ ስሜት አልሰጠውም።

በ2010 ዲዝኒ 200 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አውጥቶ ያሠራው "ፕሪንስ ኦቭ ፐርዥያ" ደግሞ ሌላ ምሳሌ ነው። ፊልሙ የተመሠረተበት የ2003 ጨዋታ ልዩ የሆነው ጊዜን ወደኋላ በሚመልስ ጩቤ ነው። ተጫዋቹ ተሳስቶ ሲወድቅ ጩቤውን ተጠቅሞ ጥቂት ሰከንዶች ወደኋላ በመመለስ ስህተቱን ያርማል። ይህ ስልት ለተጫዋቹ መማሪያ ነው፤ ስህተቱም እርማቱም የእርሱ ናቸውና። በፊልሙ ውስጥ ጩቤው ንጉሣውያን የሚሻሙበት አስማተኛ ዕቃ ሆኖ ቀረ። ዕቃው ተላልፏል፤ የዕቃው ፋይዳ ግን አልተላለፈም።

የጊዜ ጥበት

ሁለተኛው ምክንያት ከጊዜ ጋር የተያያዘ ነው። አንድ ልቦለድ ወደ ፊልም ሲቀየር ብዙ ገጾች መቀነሳቸው የተለመደ ነው። የቪዲዮ ጨዋታ ግን አሥር፣ ሠላሳ፣ አንዳንዱም ከመቶ በላይ ሰዓት ይወስዳል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ተጫዋቹ የዚያን ዓለም ከተሞች፣ ነገዶች፣ ጦርነቶችና ሕጎች የሚያውቀው ቀስ በቀስ እየተዘዋወረ ነው።

ለአብነት ያህል የ"ዋርክራፍት" ዓለም መገንባት የጀመረው በ1994 ነው። በ2004 በበይነ መረብ ብዙ ሰዎች በአንድነት የሚጫወቱት "ወርልድ ኦቭ ዋርክራፍት" ሲወጣ ደግሞ ሚሊዮኖች ለዓመታት የሚውሉበት ዓለም ሆነ። በ2016 በዳይሬክተር ደንካን ጆንስ የተሠራው ፊልም ይህን ሁሉ በሁለት ሰዓት ለማስተዋወቅ ተገደደ። ውጤቱም ሁለቱንም ወገን ቅር የሚያሰኝ ሆነ። ጨዋታውን የማያውቀው ተመልካች በየደቂቃው አዲስ የቦታና የሰው ስም እየሰማ ግራ ሲጋባ፣ የሚያውቀው ደግሞ የሚወደው ታሪክ ተሸራርፎ ቀረበለት።

የፊልሙ ገቢ ስርጭት ይህንኑ ያመለክታል። በዓለም ዙሪያ ካስገኘው 439 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ውስጥ ከ200 ሚሊዮን በላይ የሚሆነው የተገኘው ጨዋታው እጅግ ከሚወደድባት ከቻይና ሲሆን፣ በአሜሪካ የተገኘው ግን 47 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነው። ተከታይ ክፍል እንዲኖረው ታስቦ የተጀመረው ታሪክም በዚያው ቆሟል።

ብድር በብድር ላይ

ሦስተኛው ምክንያት ብዙ ጊዜ ልብ አይባልም። በርካታ ጨዋታዎች መጀመሪያውኑ የተቀዱት ከሲኒማ ነው። በ1996 የወጣው "ቱም ሬይደር" ጥንታዊ መቃብሮችን የምታስስ ላራ ክሮፍት የተባለች ጀብደኛን ሲያቀርብ፣ ከእርሱ 15 ዓመት ቀድሞ በ1981 የጀመሩትን የኢንዲያና ጆንስ ፊልሞች ፈለግ የተከተለ ነበር። በዚያው በ1996 የወጣው "ሬዚደንት ኢቭል" ደግሞ ከመቃብር የተነሱ ሙታን ሰውን ስለሚያሳድዱባቸው አስፈሪ ፊልሞች የተሠራ ያህል ነው፤ የዚህ ዓይነቱን ፊልም መልክ ያስያዙት አሜሪካዊው ጆርጅ ሮሜሮ በ1968 በሠሩት ሥራ ነበር።

ጨዋታዎቹ ይህን ብድር ወስደው አንድ አዲስ ነገር ጨምረውበታል። "ቱም ሬይደር" ተጫዋቹን ጸጥ ባለ መቃብር ውስጥ ብቻውን አስገብቶ መውጫውን ራሱ እንዲፈልግ አደረገው። "ሬዚደንት ኢቭል" ደግሞ ጥይቱን እየቆጠረ፣ በሩን ልክፈት ወይስ ልለፍ እያለ እንዲጨነቅ አደረገው። ታሪኩ ተመልሶ ወደ ሲኒማ ሲመጣ ግን የተጨመረው ነገር ይቀነስና ሲኒማ ራሱ ቀድሞ ያበደረው ብቻ ይቀራል። ተመልካቹም ከዚህ ቀደም በተሻለ ሁኔታ ተሠርቶ ያየውን ነገር በቅጂው ያየዋል። ሮሜሮ ራሳቸው ለ"ሬዚደንት ኢቭል" ፊልም ጽሁፍ እንዲያዘጋጁ ተጠይቀው እንደነበርና ያዘጋጁት ጽሁፍም ሥራ ላይ ሳይውል እንደቀረ ይታወቃል።

እዚህ ላይ ቅር ማሰኘትና መክሰር የተለያዩ መሆናቸውን ማስተዋል ያስፈልጋል። በ2001 አንጀሊና ጆሊ የተወኑበት "ቱም ሬይደር" በሀያሲያን ዘንድ ተቀባይነት ባያገኝም በዓለም ዙሪያ 274 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገኝቷል። ከ2002 እስከ 2016 የተሠሩት ስድስቱ የ"ሬዚደንት ኢቭል" ፊልሞች በድምሩ ከ1 ነጥብ 2 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብተዋል። ሀያሲያን እየነቀፏቸውም ቢሆን ስቱዲዮዎች እንዲህ ያሉ ፊልሞችን መሥራታቸውን ያልተዉት በዚህ ምክንያት ነው።

ስምን የመግዛት አሠራር

አራተኛው ምክንያት የንግዱ አሠራር ነው። ለረጅም ጊዜ የፊልም ኩባንያዎች የጨዋታ መብት የሚገዙት ታሪኩን ፈልገው ሳይሆን ስሙን ፈልገው ነበር። ስሙ ቀድሞ የታወቀ ስለሆነ ለማስተዋወቅ የሚወጣውን ገንዘብ ይቀንሳል፤ የተወሰነ ተመልካችም አስቀድሞ ዋስትና ይሰጣል። የጨዋታው ባለቤቶች በበኩላቸው ፊልሙን የሚያዩት እንደ ማስታወቂያ ነበር። ሁለቱ ወገኖች ውል ከተፈራረሙ በኋላ ጨዋታውን የሠሩት ባለሙያዎች ከሥራው ርቀው ይቆያሉ። "የሰው ወርቅ አያደምቅ" እንደሚባለው፣ የተገዛው ስም የደከመን የፊልም ጽሁፍ ሊያደምቀው አልቻለም።

የአሠራሩን ጉድለት ጎልቶ ያሳየው የጀርመን የግብር ማበረታቻ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በሥራ ላይ በነበረው ሕግ በፊልም ፈንድ ገንዘባቸውን ያዋሉ ጀርመናውያን ያዋሉትን ገንዘብ በሙሉ ግብር ከሚከፈልበት ገቢያቸው ላይ ወዲያውኑ መቀነስ ይችሉ ነበር። ከፍተኛ ገቢ ላለው ባለሀብት ፊልሙ ባያተርፍም የግብር ቅናሹ ጥቅም ነበረው። ዳይሬክተር ኡቭ ቦል በዚህ ዓይነቱ ገንዘብ በ2003 "ሃውስ ኦቭ ዘ ዴድ"፣ በ2005 ደግሞ "አሎን ኢን ዘ ዳርክ" የተሰኙትን ከጨዋታ የተወሰዱ ፊልሞች ሠርተዋል። 20 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የወጣበት "አሎን ኢን ዘ ዳርክ" በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ያስገኘው 5 ሚሊዮን ዶላር ያህል ብቻ ሲሆን፣ ከሀያሲያንም እጅግ ከባድ ነቀፌታ ደርሶበታል። ሆኖም ተከታታይ ሥራዎች መውጣታቸውን አላቋረጡም፤ ዳይሬክተሩም ለፊልሞቻቸው ገንዘብ የሚያገኙት በግብር ሕጉ ምክንያት መሆኑን በወቅቱ በይፋ አስረድተዋል።

የጀርመን መንግሥት በ2005 መጨረሻ ይህን በር በሕግ ዘግቷል። ከሁኔታው የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። ማበረታቻው የሚለካው በወጣው ገንዘብ ብቻ ሲሆን፣ የሚበረታታው ገንዘብ ማውጣቱ እንጂ ጥሩ ፊልም መሥራቱ አይሆንም። እንዲህ ላለው ገበያ ደግሞ ስማቸው የታወቀ፣ ፈቃዳቸው ያልተወደደ ጨዋታዎች ምቹ ሸቀጥ ነበሩ።

የባለቤቱ መኖር ብቻውን አይበቃም

ከላይ የተገለጸው የጨዋታው ባለቤቶች ራሳቸው ቢመሩት ችግሩ ይፈታ ነበር የሚል ግምት ሊያሳድር ይችላል። በ2001 የወጣው "ፋይናል ፋንታሲ፡ ዘ ስፒሪትስ ዊዝን" ግን ይህን ግምት ያፈርሰዋል። የፊልሙ ዳይሬክተር የጨዋታው ፈጣሪ ጃፓናዊው ሂሮኖቡ ሳካጉቺ ነበሩ። የጨዋታው አምራች ስኩዌር ኩባንያም በሐዋይ ሆኖሉሉ ከተማ ስቱዲዮ አቋቁሞ፣ ወደ 200 የሚጠጉ ባለሙያዎች አሰማርቶ፣ አራት ዓመት ያህል ፈጅቶ የሰው መልክ ያላቸውን ገጸ ባህሪያት ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር ቀርጿል።

ቴክኒኩ በዘመኑ ተደናቂ ነበር። ይሁንና ፊልሙ ከጨዋታዎቹ የወሰደው ስሙን ነው ማለት ይቻላል። ተጫዋቾች የሚያውቋቸው ሰዎችም ሆኑ አገሮች አልነበሩበትም፤ በምትኩ ከሌላ ዓለም የመጡ መናፍስት ስላጠቁት ስለ መጪው ዘመን ምድር የሚተርክ ቀዝቃዛ ታሪክ ቀረበ። 137 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት ፊልም በዓለም ዙሪያ ያስገኘው 85 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። የሆኖሉሉው ስቱዲዮ ሁለተኛ ፊልም ሳያወጣ ተዘጋ። ለዓመታት የኮምፒውተር ምስል ሲያሳምሩ የቆዩት ባለሙያዎች ተበተኑ፤ ስኩዌርም በ2003 ተቀናቃኙ ከነበረው ኤኒክስ ጋር ተዋህዷል።

በ2016 የፈረንሳዩ ዩቢሶፍት በቅርብ የተቆጣጠረው "አሳሲንስ ክሪድ" ፊልምም ተመሳሳይ ድክመት ታይቶበታል። የጨዋታው ማራኪነት ተጫዋቹ በጥንት ከተሞች ጣሪያዎች ላይ እንደልቡ መዘዋወሩ ነው፤ በዘመናዊ ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚካሄደው ክፍል ማያያዣ ብቻ ነው። ፊልሙ ግን ሚዛኑን ገልብጦ አብዛኛውን ጊዜ በቤተ ሙከራው አሳለፈ፤ 15ኛው ክፍለ ዘመን ስፔን በየመሃሉ ብቅ እያለች ተመለሰች። ባለቤቱ በሥራው ውስጥ ቢኖርም የጨዋታው ልብ የቱ እንደሆነ መለየት ላይ ስህተት ተፈጥሯል።

የባለቤት ቁጥጥር ሲበዛ ደግሞ ፊልሙ ጭራሹኑ ሳይወለድ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ማይክሮሶፍት "ሃሎ" የተባለውን ጨዋታ ወደ ፊልም ለመቀየር በ2005 ጽሁፍ አስጽፎ ከፍ ያለ የክፍያና የቁጥጥር ቅድመ ሁኔታ ለስቱዲዮዎች አቀረበ። ፒተር ጃክሰን በፕሮዲዩሰርነት፣ ወጣቱ ደቡብ አፍሪካዊ ኒል ብሎምካምፕ በዳይሬክተርነት ሥራውን ቢጀምሩም፣ በ2006 ሁለቱ ገንዘብ አቅራቢ ስቱዲዮዎች በወጪና በትርፍ ክፍፍል ሳይስማሙ ወጡ። ጃክሰንና ብሎምካምፕ ፊታቸውን አዙረው በጆሃንስበርግ "ዲስትሪክት 9" የተባለውን ፊልም ሠሩ። በ2009 የወጣው ይህ ፊልም የዓመቱ ምርጥ ፊልም የሚለውን ጨምሮ ለአራት የኦስካር ሽልማቶች ታጭቷል። የችሎታ እጥረት እንዳልነበረ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የተለወጠው ምንድን ነው?

ከ2019 ወዲህ ሁኔታው መሻሻል አሳይቷል። የመጀመሪያው ምልክት የታየው በ"ሶኒክ" ፊልም ላይ ነው። በሚያዝያ 2019 የፊልሙ ማስታወቂያ ሲለቀቅ፣ ሰማያዊው የጨዋታ ገጸ ባህሪ የሰው የሚመስል ጥርስ ይዞ መቅረቡ ብርቱ ተቃውሞ አስነሳ። አዘጋጆቹ ተቃውሞውን ችላ ከማለት ይልቅ የፊልሙን መውጫ ከኅዳር 2019 ወደ የካቲት 2020 አዛውረው ገጸ ባህሪውን እንደገና ሣሉት። ፊልሙ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገኝቶ ተከታይ ክፍሎችም ተሠርተውለታል። ቀድሞ በስሙ ብቻ ይፈለግ የነበረው ተጫዋች እንደ ባለድርሻ መታየት መጀመሩን ይህ ያመለክታል።

ሁለተኛው ለውጥ የጊዜ ጥበትን የሚመለከት ነው። የተከታታይ ፊልሞች መስፋፋት ታሪክን በሁለት ሰዓት የመጨቆን ግዴታን አስቀርቷል። በ2021 በኔትፍሊክስ የቀረበው "አርኬን" የተሰኘው የአኒሜሽን ተከታታይ በቀጣዩ ዓመት በዘርፉ የኤሚ ሽልማት አግኝቷል። በ2023 በኤችቢኦ የቀረበው "ዘ ላስት ኦቭ አስ" ደግሞ 24 የኤሚ እጩነት አግኝቶ በስምንቱ አሸንፏል።

የ"ዘ ላስት ኦቭ አስ" አሠራር በተለይ ሊጠና የሚገባው ነው። ተከታታዩን በጋራ የመሩት የጨዋታው ጸሐፊ ኒል ድራክማንና ቀደም ሲል በቼርኖቤል አደጋ ላይ ባዘጋጁት ተከታታይ የሚታወቁት ክሬግ ሜዚን ናቸው። አንደኛው ጨዋታውን፣ ሌላኛው የቴሌቪዥን ድራማን ያውቁ ነበር። ሁለቱ በመጀመሪያ የለዩት ከጨዋታው የማይተላለፈውን ነው። በጨዋታው ውስጥ ተጫዋቹ ሥራ እንዳይፈታ ጠላት በየጥጉ ይመጣበታል፤ ሲታይ ብቻ ግን ይህ ድግግሞሽ ስለሚሆን በተከታታዩ ውስጥ ግጭቱ በእጅጉ ተቀንሷል።

በምትኩ ጨዋታው ሊያሳይ ያልቻለውን ጨምረዋል። ጨዋታው ሁሉንም ነገር የሚያሳየው ተጫዋቹ በያዘው ሰው ዓይን ነው። በዚህ ምክንያት ቢልና ፍራንክ ከተባሉት ሁለት ሰዎች አንዱን፣ ፍራንክን፣ በሕይወት አናየውም፤ የሚገኘው አስከሬኑና ትቶት የሄደው ደብዳቤ ብቻ ነው። የተከታታዩ ሦስተኛ ክፍል ግን ከዋናው ጉዞ ወጥቶ የሁለቱን ሰዎች የዓመታት አብሮነት ከመነሻው እስከ ፍጻሜው ተርኳል። ትዕይንቱ ከጨዋታው ጋር ቃል በቃል አይገጥምም። ሆኖም ጨዋታው የሚጠይቀውን ጥያቄ፣ ማለትም ሁሉ በፈረሰበት ዓለም ሰው ለሚወደው ሲል ምን ድረስ ይሄዳል የሚለውን፣ በሌላ መንገድ አንስቶታል። ታማኝነት ማለት ድርጊቱን መገልበጥ ሳይሆን ጥያቄውን መጠበቅ መሆኑን ይህ ክፍል በሚገባ ያስረዳል።

በሲኒማ ቤቶችም ገቢው ከፍ ብሏል። በ2023 የማሪዮ ፈጣሪ ሽጌሩ ሚያሞቶ በፕሮዲዩሰርነት የተሳተፉበት አዲሱ የ"ሱፐር ማሪዮ" አኒሜሽን ፊልም ከ1 ነጥብ 3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገኝቷል። አዘጋጆቹ የ1993ቱን ጨለማ ከተማ ትተው የጨዋታውን ቀለም፣ ሙዚቃና ፍጥነት መያዝን መርጠዋል። በ2025 የወጣው "ማይንክራፍት" ደግሞ ምንም ቋሚ ታሪክ ከሌለው ጨዋታ ተነስቶ ከ900 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል።

ይሁንና ችግሩ ፈጽሞ ተወግዷል ማለት አይቻልም። ሀያሲያን ለሁለቱም ፊልሞች የሰጡት አስተያየት ከተመልካቹ ደስታ ጋር ሲነጻጸር ቀዝቀዝ ያለ ነበር። በ2024 የወጣው "ቦርደርላንድስ" ደግሞ እንደ ኬት ብላንሸት ያሉ ዕውቅ ተዋንያን ተሳትፈውበትና ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበት በዓለም ዙሪያ ያገኘው 33 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ብቻ ነው። ቀረጻው ከተጠናቀቀ በኋላ በሌላ ዳይሬክተር ተጨማሪ ትዕይንቶች የተቀረጹለት ይህ ፊልም፣ ከ30 ዓመት በፊት በማሪዮ ላይ እንደታየው ሁሉ፣ ጽኑ አንድ ሐሳብ አልነበረውም።

በአጠቃላይ ከቪዲዮ ጨዋታ የተወሰዱ ፊልሞች ቅር የሚያሰኙት ጨዋታ ለፊልም የማይመጥን ጥበብ ስለሆነ አይደለም። መብት በውል ይተላለፋል፤ ስምና ልብስም በቀላሉ ይተላለፋል። የተጫዋቹ ውሳኔ፣ ድካምና ኩራት ግን በውል የሚተላለፍ ባለመሆኑ፣ በፊልሙ ቋንቋ እንደገና መሠራት ይኖርበታል። ለዚህም የጨዋታው ልብ የቱ እንደሆነ ቀድሞ መለየት፣ የማይተላለፈውን ያለ ስስት መተው፣ ሁለቱን ሙያዎች የሚያውቁ ሰዎችን ከመነሻው አንድ ላይ ማሠራት ያስፈልጋል።

ይህን ያሟሉት ሥራዎች ተመልካች አግኝተዋል፤ ያላሟሉት ደግሞ የስማቸው ዝና ከኪሳራ አላዳናቸውም። የፈጠራ ሥራን በገንዘብም ሆነ በሕግ የሚደግፉ አካላትም ድጋፋቸውን ከመስጠታቸው በፊት ሊጠይቁት የሚገባው ዋናው ጥያቄ፣ ሊሸጋገር የታሰበው የሥራው ስም ነው ወይስ የሥራው ፋይዳ የሚለው ነው።